ጨካኙ አፍቃሪ ዘይነባ ፀጉር ቤት የገባ ዕለት

ሰው የሚዋረድበት ነገር አያጣም። አንዱ በመጠጥ፣ አንዱ በምላሱ፣ አንዱ በአማቹ ይዋረዳል። እኔ የተዋረድኩት በመጽሐፍ ነው። ያውም ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ ቢሆን «ለእውቀት ስትል ነው» ተብሎ ይታለፍልኝ ነበር።

መጽሐፉን ያዋሰችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቃሊቲ ውስጥ አንድ የትራንዚት ቢሮ ነው የምንሠራው። ቀኑን ሙሉ የኮንቴይነር ወረቀት ስናገላብጥ እንውላለን፤ የኮንቴይነር ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ደግሞ በፍቅር ጉዳይ ማስተዋሉ ቢቀንስ አይፈረድበትም።

«ዳርክ ሮማንስ ይባላል» አለችኝ፣ ኮንትሮባንድ እንደሚያቀብል ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰውየው ክፉ ነው። በጣም ክፉ ነው። ያንገላታታል፣ ይሰድባታል፣ ያስለቅሳታል። ግን ይወዳታል።»

«ከወደዳት ለምን ያስለቅሳታል?»

«እሱ ነዋ ዳርኩ!»

ተቀበልኳት። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ሸሚዝ መልበስ የረሳ፣ እስከ አንገቱ የተነቀሰ ወጣት ቆሟል። ይህንን ይዤ ታክሲ ውስጥ ብቀመጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ወይ ይሰድበኛል ወይ ስልኬን ይጠይቀኛል። ስለዚህ ልጅ ሆነን ደብተር እንደምንለብጠው በአሮጌ ካላንደር ለበጥኩት። ስዕሉን ወደ ውስጥ ማድረግ ነበረብኝ፤ በችኮላ ወደ ውጭ አደረግኩትና ቅዱስ ገብርኤል ከነክንፉ ሽፋኑ ላይ ወጣ።

በማግስቱ ከሳሪስ ስሳፈር አንዲት አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡ። መጽሐፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፊታቸው በራ።

«ድርሳኑ ነው ልጄ? እንዲህ ያለች ወጣት ድሮ ቀረ ስል! እስቲ ልሳለመው።»

ምን ልበል? «አይ እማማ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ነው» ልበል? ግንባራቸውን አስነክተው ሳሙት፤ አገላብጠውም ሳሙት። እኔ የደረስኩት ሰውየው ልጅቷን ግድግዳ አስደግፎ «ጸልዪ ብትይ እንኳ የሚሰማሽ የለም» የሚላት ቦታ ላይ ነበር። ለዚህ ስንት ስግደት እንደሚታዘዝልኝ የንስሐ አባቴን ለመጠየቅ እስከ ዛሬ ድፍረት አላገኘሁም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዴሪክ የሚባል ሀብታም ወጣት አለ። ዓይኑ ግራጫ ነው። በየገጹ ግራጫ ነው፤ ደራሲዋ እንዳንረሳባት ትፈራለች። ኤሚሊ የምትባል ድሃ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትገባና ገና በሩን ስትረግጥ ዴሪክ ይጠምዳታል። ጭማቂ ይደፋባታል፣ ደብተሯን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይጥላል፣ ሌላ ወንድ ሰላም ካላት ያንን ወንድ ይደበድባል። ይህንን ሁሉ የሚያደርገው ስለሚወዳት መሆኑን ከኤሚሊ በቀር ሁላችንም አውቀናል።

እኔማ ወደድኩት። ከዚህ በላይ አልዋሽም። ቢሮ ውስጥ «ይቅርታ፣ ይህችን ወንበር ልውሰዳት?» እያለ የሚያናግረኝን ጨዋ ሰው ሳይ «ይሄ ደግሞ ወኔ የለውም» እያልኩ በልቤ መናቅ ጀመርኩ። ዴሪክ ቢሆን ወንበሩን ከሥሬ ጎትቶ ነበር የሚወስደው።

እንግዲህ በዚህ ጤንነት ላይ እያለሁ ነው የአጎቴ ልጅ ሠርግ የደረሰው። በዋዜማው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሹሩባ ልሠራ ዘይነባ ጋ ሄድኩ።

የዘይነባ ፀጉር ቤት ወደ ማረሚያ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጎሚስታ ቤትና በነስሩ ሱቅ መካከል ተሸጉጦ ያለ ነው። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ከእጇ ይፈጥናል፣ ንዴቷ ደግሞ ሁለቱንም ይቀድማል። የዚያን ቀን ከእኔ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እትዬ ስንዱ ናቸው፤ ለእስረኛ ጠያቂዎች ሳሙናና የስንቅ ሳህን የሚሸጡ፣ የጥየቃ ሰዓት ሲያበቃ ጠረጴዛቸውን ሰብስበው ዘይነባ ጋ ወገባቸውን የሚያሳርፉ እናት። ሌላዋ ከዚያ በፊት አይቻት የማላውቅ ፌቨን የምትባል ቆንጆ ልጅ ናት፤ ፀጉሯን ታጥባ በቢጎዲን ተጠቅልላ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣለች።

ዘይነባ የራሴን ግማሽ እንደጨረሰች መብራት ጠፋ።

ካስኩ ዝም አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረው የቱርክ ድራማ፣ አማትየው በጥፊ ልትማታ እጇን እንዳነሳች ጠፋ። ፌቨን ርጥብ ጭንቅላቷን ይዛ ቀረች። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«እሺ ናቲ… እዚያው ነኝ… አልደረቀም፣ መብራት ጠፍቶ ነው… ሴቶች ብቻ ነን… እሺ፣ ልላክልህ።» ስልኩን ዘረጋችና ራሷን ከነካስኩ ፎቶ አንስታ ላከች። ስናያት ጊዜ ፈገግ አለች። «ስለሚጨነቅልኝ ነው።»

«አላህ ይጠብቅልሽ» አለች ዘይነባ፣ ግን ድምጿ ውስጥ ትንሽ አሸዋ ነበረበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ምንድን ነው እንዲህ የተደፋሽበት? ድራማችን ጠፍቷል፣ ጮክ በይልን እስቲ።»

«እንግሊዝኛ ነው እኮ።»

«ታዲያ የተማርሽው ለማን ነው?»

በዚህ ተሸነፍኩ። እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የተጣላነው በስም ነው።

«ዴሪክ ወደ ክፍሉ ገባ…»

«ማን?» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ዴሪክ።»

«ደረጀ?»

«እሺ፣ ደረጀ።» አቋራጭ መስሎኝ ነበር። ኤሚሊም ሳትውል ሳታድር እማዋይሽ ሆነች።

ወገኖቼ፣ የዚያን ጊዜ ነው ጉድ የፈላው። ዴሪክ ኤሚሊን ሲያንገላታ ፍቅር ነው፤ ደረጀ እማዋይሽን ሲያንገላታ ግን የወረዳ ጉዳይ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ሳነበው አከርካሪዬን የሚወረኝ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ስለው የታክሲ ረዳት ንግግር እየሆነ ያስደነግጠኝ ጀመር።

«‹የኔ ነሽ› አላት። ‹ከእኔ በቀር ማንም አይነካሽም።›»

«ምን ናት፣ የጥርስ ብሩሽ ናት?» አለች ዘይነባ።

«እማዋይሽ ዓይኗን ወደ መሬት ስትሰብር ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ ‹ጎበዝ ልጅ› አላት።»

«ምን ሠርታ?» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ምንም አልሠራችም። እንዲሁ ነው።»

«የቤት ሥራ ሳትሠራ ጎበዝ ይባላል እንዴ?»

ደረጀ ክፋት በሠራ ቁጥር ቅጣቱን የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ዘይነባ ስትናደድ እጇ ይጠብቃል። ደረጀ ጭማቂ ሲደፋ አንዱ ጉንጉን ጆሮዬን ወደ ኋላ ወሰደው። ደብተሯን ሲጥል ቅንድቤ ወደ ግንባሬ ወጣ። ያንን ምስኪን ልጅ ሲደበድብ ግን ዓይኔ መከደን አቃተው። «ዘይነባ፣ ቀስ በይ!» ብላት «እሱን ቀስ በል በይው!» ትለኛለች። ክፉ ክፉውን እየዘለልኩ ላነብ ሞከርኩ፤ መጽሐፉ ግን ክፉው ከተዘለለ የሚቀረው የዓይኑ ቀለም ብቻ ነው።

ለደረጀ የምትከራከር አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ ፌቨን።

«ስለሚወዳት እኮ ነው» አለች ከካስኩ ሥር። «የማይወዳት ቢሆን ምን አደከመው? ዝም ብሎ ይተዋት ነበር።»

«ትክክል!» አልኩ እኔ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወገን በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ገጹን ገልጬ ሳይቀር ላሳያት ፈለግኩ። «ቁስል ስላለበት ነው። ልጅ ሆኖ እናቱ ትታው ሄዳለች።»

«እኔንም እናቴ ትታኝ ሞታለች» አሉ እትዬ ስንዱ። «የማንን ደብተር ገንዳ ውስጥ ጣልኩ?»

የፌቨን ስልክ እንደገና ጮኸ። እንደገና «እሺ ናቲ» አለች፣ እንደገና ፎቶ ላከች።

እኔም ቀጠልኩ፤ የመጽሐፉ ጣፋጭ ቦታ ላይ ደርሼ ነበር። ደረጀ እማዋይሽ ከሌላ ሰው ጋር ስትስቅ ያያታል። ስልኳን ይነጥቃታል። ወደ ቤቱ ይወስዳትና ምድር ቤት አስገብቶ…

«ከውጭ ቆልፎባት ሄደ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ታሪኩ ሲሞቅ ድምፄ ይሞቃል። «እማዋይሽ በሩን እየደበደበች ‹ደረጀ፣ ክፈትልኝ!› እያለች…»

በዚያው ቅጽበት ነስሩ የበሩን መጋረጃ ገልጦ አንገቱን አስገብቶ ነበር። ባለሱቁ ነስሩ የስልጤ ሰው ነው፤ ጨዋ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። የመጣው «እናንተም ጋ መብራት ጠፍቷል?» ሊል ነው። የሰማው ግን «ምድር ቤት»፣ «ቆልፎባት»ና «ደረጀ፣ ክፈትልኝ» የሚለውን ነው። አንገቱን እንዳስገባው አወጣው። እኛም ልብ አላልነውም፤ ስለ መብራቱም ቢሆን «ጠፍቷል» ከማለት የተለየ የምንመልስለት ወሬ አልነበረንም።

ብዙም ሳይቆይ መጋረጃው እንደገና ተገለጠ።

የገባው ሌላ ሰው ነው። ረጅም፣ ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር መነጽር፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የገባ። ሰላም አላለም። በመጽሐፉ ውስጥ ዴሪክ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሁሉም ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ቃሊቲ ግን እንደዚያ አይደለም።

«እንዴት ዋላችሁ አይባልም?» አሉ እትዬ ስንዱ።

ሰውየው አልሰማቸውም። «ተነሺ» አላት ፌቨንን።

«ናቲዬ፣ አልደረቀም እኮ፤ እንዲህ ሆኜ መንገድ ላይ…»

«ተነሺ አልኩሽ። ማን ጋ ነው ስታወሪ የነበረው? መስመርሽ ተይዞ ነበር።» እጁን ዘርግቶ ስልኩን ከእጇ ወሰደው። አልነጠቃትም፤ ወሰደው ብቻ። እሷም ጣቶቿን ቀድማ ከፈተችለት። ያንን አየሁት፤ ጣቶቿ ሥራውን ያውቁታል።

ዘይነባ ጉንጉኔን ለቀቀችው። እትዬ ስንዱ ከዱካቸው ላይ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ደረጀ ማለት አንተ ነህ?» አሉት።

«የምን ደረጀ? ናትናኤል እባላለሁ።»

«ስሙንም ለውጧል!» አሉ እትዬ ስንዱ ወደ እኔ ዞረው፣ ማስረጃ እንዳገኘ ዳኛ።

«እትዬ፣ እሱ አይደለም፣ የኔው ሰው መጽሐፉ ውስጥ ያለው…» ማለት ጀመርኩ፤ ግን መጋረጃው ለሦስተኛ ጊዜ ተገለጠና ነስሩ፣ ጎሚስታው የጎማ መፍቻውን እንደያዘ፣ ከኋላቸው ደግሞ የቀጠናው ፖሊስ ገቡ። ፀጉር ቤቱ ለአራት ሰው ነው የተሠራው፤ ጎሚስታው ግማሽ አካሉ ውጭ ቀረ።

«ደረጀ የሚባለው የታለ?» አለ ፖሊሱ።

«ይኸውልህ ልጄ!» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ልጅቷን ምድር ቤት ቆልፈህባት ነበር?»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ግራጫ አልነበረም፤ እንደማንኛችንም ቡናማ ነበር፣ ትንሽም ደንግጦ ነበር። «ምን ዓይነት እብደት ነው? እኔ ምድር ቤት የለኝም! ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው!»

«እና አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የቆለፍክባት?»

ጎሚስታው ሳቀ። ዘይነባም ልትስቅ አፏን ከፈተች። እኔም ይሄ ሁሉ የእኔ ጥፋት መሆኑን ልናገር መጽሐፉን ወደ ላይ አንስቼ ነበር።

«አንድ ቀን ብቻ ነው» አለች ፌቨን።

ሁላችንም ዞርን።

«ቁልፉን ይዞ መሄዱን ረስቶት ነው። ማታ ሲመጣ ከፈተልኝ። ረስቶት ነው ብሎኛል።» ስትናገር ማንንም አታይም፤ ቢጎዲኖቿ ላይ የታሰረውን መረብ በጣቷ ትነካካለች። እየተከላከለችለት ነበር። ልብ በሉ፣ እየከሰሰችው አልነበረም፤ እየተከላከለችለት ነው።

ጎሚስታው ሳቁን ዋጠው። መፍቻውንም ከጀርባው ደበቀው።

«ስልኩን መልስላት» አለ ፖሊሱ፣ በሌላ ድምፅ።

«የራሴ ጉዳይ ነው፣ እጮኛዬ ናት።»

«ስልኩን መልስላት አልኩህ።»

ሰውየው ስልኩን የሻምፖ መደርደሪያው ላይ ወረወረው። ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ። «አሁን ተነስተሽ ካልመጣሽ እዚሁ ቅሪ። ገባሽ? ከኔ ሌላ ማን የሚፈልግሽ መሰለሽ?» ይህችን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ቃል በቃል መጽሐፉ ውስጥ አለች፤ በእርሳስ አስምሬባታለሁ። ከጎኗም ልብ ስያለሁ።

ፌቨን አልተነሳችም። ጀግንነት ነው ብዬ ላጋንንላችሁ አልፈልግም። ግን አልተነሳችም።

ሰውየውም በር አላትሞ ሊወጣ ዞረ። ዴሪክ በየምዕራፉ በር አላትሞ ነው የሚወጣው፤ የቤተ መንግሥት በር የሚያክል የእንጨት በር አለው። የዘይነባ ፀጉር ቤት ግን በሩ የዶቃ መጋረጃ ነው። ዶቃው መነጽሩ ላይ ተጠመጠመ፣ ሲነቅለው ሰዓቱ ላይ ተጠመጠመ፣ ሲታገል ሁለት ክር በጠሰ፤ ዶቃው መሬት ላይ ተበተነና ጎሚስታው እጁን ይዞ፣ እንደ ሽማግሌ ደግፎ፣ ወደ ውጭ አሳለፈው።

«የዶቃዬን ክፈል!» ብላ ጮኸች ዘይነባ ከኋላው።

ከዚያ የኔ ተራ ደረሰ። ፖሊሱ ማስታወሻውን አወጣና «ደረጀ ግን ማን ነው?» አለ። ነገርኩት። ምን አማራጭ አለኝ? ግማሽ ራሴ ተሠርቶ፣ ግማሹ ቆሞ፣ ቅንድቤ ግንባሬ ላይ ተሰቅሎ፣ ደረጀ ዴሪክ መሆኑን፣ እማዋይሽ ኤሚሊ መሆኗን፣ ሁለቱም ያልተፈጠሩ መሆናቸውን አስረዳሁ። መጽሐፉን ተቀብሎ አየው። ቅዱስ ገብርኤልን አየ። ገለጥ አድርጎ ሸሚዝ የሌለውን ወጣት አየ። እኔንም አየኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ሰው ቢፈጠር ኖሮ በስንት አንቀጽ እንደሚከሰስ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እና ለምንድን ነው የምታነቢው?»

አሁንም መልሱን ስፈልግ ነው ያለሁት፤ ያገኛችሁ ንገሩኝ። «መጨረሻው ጥሩ ነው» ብቻ አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ መጽሐፉን መለሰልኝ። ከመውጣቱ በፊት ግን ፌቨን አጠገብ ዝቅ ብሎ በቀስታ «ጣቢያ ሴት መርማሪ አለች። ዛሬ ባይሆን ሌላ ቀን፣ ስትፈልጊ» አላት። ፌቨን አንገቷን ነቀነቀች፤ አዎም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ነስሩ የሆነ ነገር ማድረግ ስለፈለገ ይመስለኛል፣ ከሱቁ ለስላሳ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠላትና ሄደ።

ሴቶቹ ብቻችንን ቀረን። ዘይነባ እንደገና ፀጉሬን ያዘች፤ የዚህን ጊዜ እጇ እንደ ጥጥ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጉተታ ይልቅ ያ ልስላሴ አስፈራኝ። የፌቨን ስልክ መደርደሪያው ላይ ይጮኻል፣ ያቆማል፣ ይጮኻል።

«መጨረሻው ላይ ይለወጣል?» አለችኝ ፌቨን።

«ማን?»

«ደረጀ።»

መጨረሻውን አውቀዋለሁ። መጽሐፍ ስጀምር አስቀድሜ የማነበው የመጨረሻዎቹን ገጾች ነው፤ ይህም አንዱ ነውሬ ነው። ይለወጣል። ማንም ሳይመክረው፣ ማንም ሳይቆጣው፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ላይ ዝናብ ውስጥ ተንበርክኮ ያለቅስና ይለወጣል። ሐይቅ ዳር ቤት ይገዛላታል። ያንን ገጽ ሳነብ እኔም አብሬው አልቅሻለሁ።

ፌቨን ትጠብቀኛለች። ውሃ ከአንዱ ቢጎዲን እየተንጠባጠበ አንገቷ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

«አይለወጥም» አልኳት። «ይሞታል።»

«ይሞታል?»

«መኪና ይገጨዋል።»

«የምን መኪና?» አሉ እትዬ ስንዱ፣ ዱካቸውን ወደ እኔ እየጎተቱ።

«ገልባጭ። አሸዋ የጫነ።»

«እሰይ!»

«እንግሊዝ አገርም ገልባጭ አለ?» አለች ዘይነባ።

«ገልባጭ የሌለበት አገር የት አለ?»

ደራሲዋ ብትሰማኝ ትከሰኝ ነበር። እኔ ግን በሕይወቴ አንድ ሰው ገድዬ እንደዚያ ቀለል ብሎኝ አያውቅም።

«እማዋይሽስ?» አለች ፌቨን። «እሷስ የት ትገባለች?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ሰውየውን ለመግደል ስቸኩል ልጅቷ የት እንደምታድር አላሰብኩም። መጽሐፉም አይረዳኝም። ኤሚሊ ወላጅ አልባ ናት፤ እንዲህ ባለ መጽሐፍ ውስጥ ልጅቷ ሁልጊዜ ወላጅ አልባ ናት፤ ዘመድ ቢኖራትማ ታሪኩ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ያልቅ ነበር።

«የት ትገባለች ይባላል እንዴ?» አሉ እትዬ ስንዱ። «እህት ወንድም የላትም?»

የላትም ልል ነበር።

«አለቻት» አለች ፌቨን። «ታላቅ እህት አለቻት። ሳሪስ አቦ ነው ቤቷ። ከተደዋወሉ ቆይተዋል እንጂ… እሱ አይወዳትም ነበር።»

ዘይነባ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

«አሁን ብትሄድ ትከፍትላታለች?» አሉ እትዬ ስንዱ።

ፌቨን ተነስታ፣ የተበተነውን ዶቃ እየረገጠች፣ ስልኳን ከመደርደሪያው ላይ አነሳች።

«ትከፍትላታለች» አለችና ደወለች።